«የሚድኑት ጥቂቶች ናቸውን?» ተብላችሁ ስትጠየቁ

ይህ ጥያቄ የሚመጣበት ሰዓት አይታወቅም። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው እየተቀዳ ይመጣል። ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው «ድነሃል?» ብሎ ይጀምረዋል። ቲክቶክ ላይቭ ላይ ሁለት ሰዎች ተፋጠው ይከራከሩበታል። እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ በቴሌግራም ይመጣል፦ «ይቅርታ በዚህ ሰዓት፣ ግን ከሰው ልጅ ስንቱ ነው የሚድነው?»

እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝ። ከዘመዶቼ ግማሹ ፕሮቴስታንት ናቸው። ስለዚህ ክርክሩን ከሁለቱም ወገን ሰምቼዋለሁ፣ ተከራክሬበታለሁም። እዚህ የምጽፈው የሥነ መለኮት ትምህርት አይደለም። ጥያቄው ሲመጣባችሁ ሰው ሳትጎዱና መጽሐፉን ሳታጣምሙ እንዴት እንደምትይዙት ነው።

መጀመሪያ ማን እየጠየቀ እንደሆነ እወቁ

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ልቅሶ ቤት ነበርኩ። ሦስተኛው ቀን ነው። የሞተው ልጅ የሰፈራችን ልጅ ነበር፣ በመኪና አደጋ ነው የሄደው፣ ገና ሠላሳ አልሞላውም። ከቤተ ክርስቲያን ከራቀ መቆየቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ድንኳኑ ውስጥ ወሬ ወሬን ወለደና አንዱ «እግዚአብሔር መሐሪ ነው፣ ሁሉም ይድናል» አለ። እኔ ዝም ማለት አቃተኝ። «ማቴዎስ 7 ምን ይላል? የሚያገኙትም ጥቂቶች ናቸው ነው የሚለው» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

እናቱ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ የጫፉን ክር በጣታቸው እየጠመዘዙ ነው። «ልጄ» አሉኝ፣ «የኔው ከየትኞቹ ነው?»

የምለው ጠፋኝ። ጥቅሱን በትክክል ነው የጠቀስኩት፣ አንድ ቃል አልሳትኩም። ያም ሆኖ እስከ ዛሬ ሳስበው የማፍርበት ነገር ነው።

ማምሻውን የንስሐ አባታቸው መጡ። አጠገባቸው ተቀመጡና «ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነበር?» ብለው ጠየቋቸው። «ሐሙስ» አሉ እናት፣ «የግፊት መድኃኒቴን ገዝቶልኝ መጣ።» «እሱን እግዚአብሔርም አይቶታል። በሉ እንጸልይለት» አሉ ቄሱ። ስለ ፍትሐቱ፣ ስለ አርባው አነጋገሯቸው። ልጁ የት እንደገባ አልተናገሩም። እናትየውም መልሰው አልጠየቁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ልማድ ያዝኩ። ሰው «ስንት ሰው ይድናል?» ሲለኝ «ማንን አስበህ ነው?» ብዬ እመልሳለሁ። እናንተም ሞክሩት። አብዛኛውን ጊዜ ከቁጥሩ ጀርባ አንድ ስም አለ። ሳይናዘዝ የሞተ አባት ይሆናል። ራሷን ያጠፋች ጓደኛ ትሆናለች። አንዳንዴ ደግሞ ጠያቂው ስለ ራሱ ነው የሚፈራው። ስሙ ከወጣ በኋላ ንግግሩ ሌላ ንግግር ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ጥቅስ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

ሉቃስ 13ን እስከ መጨረሻው አንብቡ

ብዙ ሰው ይህ ጥያቄ ራሱ ወንጌል ውስጥ እንዳለ ልብ አይልም። ሉቃስ 13፥23 ላይ አለ። ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም እየሄደ ሳለ ስሙ ያልተጻፈ አንድ ሰው «ጌታ ሆይ፥ የሚድኑ ጥቂቶች ናቸውን?» አለው።

መልሱን ተመልከቱ። አዎ አላለም። አይደሉም ብሎም አልመለሰም። «በጠበበው በር ለመግባት ተጋደሉ» ነው ያለው። የጠየቀው አንድ ሰው ነው፣ መልሱ ግን ቆሞ ለሚሰማው ሁሉ ነው። ስለ ሌላው ሕዝብ ብዛት ሊያጣራ የመጣ ሰው ስለ ራሱ አገባብ ተነግሮት ሄደ።

ተከራካሪዎች እዚህ ላይ፣ ወይም «ብዙዎች ሊገቡ ይፈልጋሉ አይችሉምም» የሚለው ላይ ያቆማሉ። እናንተ አታቁሙ። ውጭ የቀሩት ምን እያሉ ነው የሚያንኳኩት? «በፊትህ በላን ጠጣንም፣ በአደባባያችንም አስተማርህ» እያሉ ነው። እነዚህ ቤተኛ ነን ያሉ ሰዎች ናቸው። የሚገቡትስ? ከምሥራቅና ከምዕራብ፣ ከሰሜንና ከደቡብ መጥተው በማዕድ ይቀመጣሉ። ማስጠንቀቂያውም ተስፋውም በስምንት ቁጥር ውስጥ ተጎራብተው ተቀምጠዋል፣ እኛ ነን ቆራርጠን ለየብቻ የምንወራወርባቸው።

አንድ ወረቀት ለሁለት እጠፉ

ይህ በእውነት ይረዳል። በግራ በኩል ማስጠንቀቂያዎቹን ጻፉ፦ ማቴዎስ 7፥14፣ ማቴዎስ 22፥14 («የተጠሩ ብዙዎች፥ የተመረጡ ግን ጥቂቶች ናቸውና»)፣ ማቴዎስ 25፥46፣ በኖኅ መርከብ የዳኑትን ስምንት ነፍስ የሚያነሳውን 1ኛ ጴጥሮስ 3፥20። በቀኝ በኩል ደግሞ ማቴዎስ 8፥11፣ ሮሜ 5፥18፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥4፣ ቆላስይስ 1፥20፣ ራእይ 7፥9።

አሁን ሁለት ነገር ታያላችሁ። አንደኛ፣ «የሚያገኙትም ጥቂቶች ናቸው» ከሚለው እስከ «ብዙዎች ከምሥራቅና ከምዕራብ ይመጣሉ» ድረስ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው ያለው። ያው ማቴዎስ ነው የጻፈው። አንዱን ጽፎ ሌላውን የረሳ አይመስለኝም። ሁለተኛ፣ የቀኙ ዓምድ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ «ብዙ» ይላል፣ አንዳንዱ «ሁሉ» ይላል። እግዚአብሔር ሰው ሁሉ እንዲድን ይወዳል ማለትና ሰው ሁሉ ይድናል ማለት አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ክርክሩ ውስጥ ቶሎ ይጠፋል።

ከሰው ጋር ስትነጋገሩ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱ ያልሆነውን ዓምድ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። «ጥቂት» የሚለው የቀኙን፣ «ሁሉም» የሚለው የግራውን። እኔ ይህን ሳደርግ ድምፁ ያልለሰለሰ ሰው አላጋጠመኝም።

በቃሉ ተስማሙ

ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ ሲከራከሩ ግማሹ ጠብ የግሥ ጊዜ ነው። አንዱ «ድኛለሁ» ይላል፣ ያለፈ ነገር ነው። ሌላው «እድናለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ» ይላል፣ ገና የሚመጣ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛውን እምነት የሌለው አድርጎ ያየዋል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ትዕቢተኛ ይለዋል። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር እያወሩ አይደለም። አንዱ ስለ ተቀበለው ጸጋ፣ አንዱ ስለ ፍጻሜው ነው የሚያወራው። የሉቃሱ ጠያቂ «የሚድኑ» ነው ያለው፣ እሱንም አስታውሷቸው።

ሲኦልና ገሃነምም እንዲሁ። በተዋሕዶ ትምህርት ከስቅለት በፊት ነፍሳት ሁሉ በሲኦል ነበሩ፣ ጌታ ወርዶ አዳምንና ልጆቹን ከአምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመን በኋላ አወጣቸው። አሁን ጻድቃን በገነት፣ ኃጥአን በሲኦል ሆነው ዳግም ምጽአትን ይጠብቃሉ፤ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት ከዚያ በኋላ ናቸው። ለሙታን ጸሎትና ተዝካር ቦታ ያላቸው በዚህ ትምህርት ውስጥ ነው። ብዙ ፕሮቴስታንት ግን ሰው ሲሞት ነገሩ ያለቀ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። ይህን ሳታጣሩ «ስንት ሰው ሲኦል አለ?» ብትባባሉ ማንም ማንንም አይሰማም።

ዕዝራ ሱቱኤልን ክፈቱ

ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስ ቤታችሁ ካለ ይህን መጽሐፍ ሳታነቡ ስለዚህ ጉዳይ አትከራከሩ። ፕሮቴስታንት ብትሆኑም፣ ከስድሳ ስድስቱ ውስጥ ባይኖርም፣ በታሪክነቱ አንብቡት። የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በ70 እ.ኤ.አ. ከፈረሰ በኋላ፣ በአንደኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተጻፈ የአይሁድ መጽሐፍ ነው። ያኔም ጥያቄው ሰው እንቅልፍ ይነሳ እንደነበር ታዩበታላችሁ።

ዕዝራ በባቢሎን አልጋው ላይ ተኝቶ እየተጨነቀ ነው። መልአኩ ዑርኤል ይላክለታል። የሚነግረው ነገር ከባድ ነው፦ ይህ ዓለም ለብዙዎች ተፈጠረ፣ የሚመጣው ግን ለጥቂቶች ነው። ሸክላ የሚሠራበት አፈር ብዙ ነው፣ ወርቅ የሚገኝበት ጥቂት ነው። ገበሬ የሚዘራው ዘር ሁሉ አይበቅልም።

እዚህ ጋ ዕዝራ አሜን ብሎ ዝም አይልም፣ ለእግዚአብሔር መልሶ ይናገራል። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ዘሩ ያልበቀለው ዝናብ ስላጣ ወይም ዝናብ ስለበዛበት ነው ይላል፤ ሰው ግን በእጅህ የተሠራ፣ በአንተ መልክ የተፈጠረ ነው፣ ከገበሬ ዘር ጋር ታወዳድረዋለህን? ይላል። ነቢይ ነው፣ ግን እንደ ልቅሶ ቤቷ እናት ነው የሚከራከረው። የሚሰጠው መልስ ደግሞ የማይጠበቅ ነው። ፍጥረቴን ከእኔ አብልጠህ መውደድ አይቻልህም ነው የሚባለው። ከዚያ ስለሚጠፉት ብዛት መጠየቅን ተው፣ ይልቅ ጻድቃን እንዴት እንደሚድኑ ጠይቅ ይባላል።

«ጥቂት» የሚለውን ቃል ከዚህ መጽሐፍ በላይ በግልጽ የሚናገር አላውቅም። እሱ ራሱ ግን ቁጥሩን ትቶ ወደ መንገዱ እንዲመለስ ነው ጠያቂውን የሚመክረው፣ ልክ እንደ ሉቃስ 13። ስለዚህ አንድ ሰው ዕዝራን ጠቅሶ «ጥቂት ናቸው፣ አለቀ» ካላችሁ፣ ዕዝራ እንዴት እንዳለቀሰም እንዲያነብ ለምኑት። የእኔም አቋም ይኸው ነው። ገሃነም የለም አልልም፣ ማስጠንቀቂያው ለማስፈራሪያ ያህል የተነገረ ነውም አልልም። ግን ሌላው ሲጠፋ ሳያለቅስ «ጥቂቶች» የሚል ሰው መጽሐፉን ግማሹን ነው ያነበበው።

የአባቶች ስም ሲወራወር

ዮሐንስ አፈወርቅን የሚጠቅስ ይመጣል። የሐዋርያት ሥራን ሲተረጉም ለቁስጥንጥንያ ሕዝብ ከዚህ ሁሉ ሺህ ውስጥ የሚድን መቶ ሰው አይገኝም ብሎ ነበር። እውነት ነው፣ ብሏል። ግን ለማን ነው ያለው? ፊቱ ተቀምጠው ለሚሰሙት ለራሱ ምእመናን ነው፣ እንዲነቁ። ደግሞ በግሪክ አብያተ ክርስቲያናት በፋሲካ ሌሊት በእሱ ስም የሚነበብ ስብከት አለ፣ በአሥራ አንደኛው ሰዓት የመጣውም እንዳይፈራ፣ ወደ ደስታው እንዲገባ የሚጠራ። ቆርጦ የወጣን ክሊፕ እንደምትጠራጠሩ ሁሉ ተቆርጦ የመጣን የአባቶች ቃልም ጠርጥሩ፣ ሙሉውን ፈልጉ።

«በመጨረሻ ሁሉም ይድናል» የሚለው ወገን ደግሞ ኦሪጀንን ያመጣል፣ የጥንቱን የእስክንድርያ መምህር፣ በእኛ መጻሕፍት አርጌንስ የሚባለውን። መላሹ ወዲያው «በ553 ተወግዟል» ይላል። እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ553ቱ የቁስጥንጥንያ ጉባኤ ተዋሕዶ ከምትቀበላቸው ሦስቱ ጉባኤያት (ኒቅያ 325፣ ቁስጥንጥንያ 381፣ ኤፌሶን 431) ውስጥ አይደለም፣ ስለዚህ ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሰው ማስረጃ አድርጋችሁ አታቅርቡት። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቴዎፍሎስ በ400 ገደማ የኦሪጀንን ትምህርት ማውገዙ ግን ለእኛ የሚቀርብ ታሪክ ነው።

ማር ይስሐቅም አለ፣ የሰባተኛው መቶ ዘመን የሶርያ መነኩሴ። ገዳማቱ ከሚያነቧቸው ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ በስሙ የሚጠራ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ሴባስቲያን ብሮክ የተባለ የሶርያ ጽሑፎች ሊቅ ጠፍቷል ተብሎ የነበረውን የጽሑፎቹን ሁለተኛ ክፍል ኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘው፤ እዚያ ላይ ስለ ገሃነምና ስለ እግዚአብሔር ፍቅር የጻፈው ተስፋ ብዙዎችን አስገርሟል። ይህን ስትጠቅሱ እንደ ዶግማ አታቅርቡት። ሁሉም እንዲድን መጸለይና ሁሉም ይድናል ብሎ መስበክ ይለያያሉ።

ከፕሮቴስታንት ወገን የተሐድሶው መምህር ካልቪን ይነሳል። በ1618 እና 1619 እ.ኤ.አ. በሆላንድ ዶርት የተሰበሰበው የካልቪን ወገኖች ሲኖዶስ ክርስቶስ በሞቱ በእርግጥ የሚያድነው የተመረጡትን ነው የሚለውን አጸና። ይህ ግን የፕሮቴስታንት ሁሉ ትምህርት አይደለም። መካነ ኢየሱስ የሉተር ወገን ናት፣ ሌሎቹም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ከመልሳችሁ በፊት ሰውየው የሚያምነውን ከራሱ አፍ ስሙ። ካቶሊኮቹ ደግሞ በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ ያለ ጥፋታቸው ወንጌልን ያላወቁ ሰዎችም ሊድኑ እንደሚችሉ ጽፈዋል።

በራእይ 7 ላይ ያለውን 144,000 በተመለከተ አጭር ነው። «የይሖዋ ምስክሮች 144,000 ሰው ብቻ ይድናል ይላሉ» አትበሉ። እነሱ የሚሉት 144,000ዎቹ በሰማይ ይነግሣሉ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ደግሞ በምድር ላይ ለዘላለም ይኖራል ነው። ባትስማሙም የሰውን እምነት አታዛቡ።

በላዔ ሰብእ ሲነሳ

የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት በመጣች ቁጥር ይነሳል። ሰባ ስምንት ሰው የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማው ድውይ ጥርኝ ውሃ አጠጣ፣ በሚዛን ላይ ውሃው ደፋ፣ ዳነ። አንዱ «በዚህ ዓይነት ማን ሊጠፋ ነው?» ይላል። ሌላው በድፍረት ይስቃል፣ ከዚያ የማርያም ስም ይነሳል፣ ከዚያ ስድብ ይከተላል።

ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ታሪኩን ለኃጢአት ፈቃድ አድርጋችሁ አትንገሩ። የሚነገረው ተስፋ ለቆረጠ ሰው ነው። ፕሮቴስታንት ከሆናችሁ ደግሞ ከመሳቃችሁ በፊት በቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ አስቡ። እሱም ያቀረበው «አስበኝ» የሚል ቃል ነበር፣ የዚያኑ ዕለት ገነት ገባ። አማላጅነት ላይ ላትስማሙ ትችላላችሁ፣ ሰፊ ክርክር ነው፣ ለብቻው ቀን ያዙለት። የእግዚአብሔር ምሕረት ሰው ከሚገምተው በላይ መሆኑ ላይ ግን ሁለታችሁም ትገናኛላችሁ።

ላይቭ ከገባችሁ

ባትገቡ እመርጣለሁ። ከገባችሁ ግን በስም የሚታወቅ ሟች ላይ አትፍረዱ፣ ቤተሰቡ እያየ ሊሆን ይችላል። «አንተ ገሃነም ነህ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከአፋችሁ አታውጡ፤ ስለ ፍርድ ማስተማር ይቻላል፣ ፍርድ መስጠት ግን የእናንተ አይደለም። ሰዓት ወስኑ። ስድብ ሲጀመር ተሰናብታችሁ ውጡ፣ ቆይታችሁ የምታሸንፉት ነገር የለም። ሰውየው በእውነት ማወቅ የፈለገ ከሆነ በውስጥ መስመር ያናግራችኋል፣ ወይም ሁለታችሁም ወደምታከብሩት መምህር ሄዳችሁ ትጠይቃላችሁ።

ጴጥሮስም አንድ ጊዜ ዮሐንስን አይቶ «ይህስ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ጠይቆ ነበር። «ምን አግዶህ? አንተ ተከተለኝ» ነው የተባለው፣ ዮሐንስ 21 ላይ። ክርክሩ ሲግል ይህን ለራሴ እላለሁ።

ልጅ ሲጠይቃችሁ

የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሜሪላንድ ነው የምታድገው። ክፍሏ ውስጥ ሙስሊሙም ሂንዱውም ምንም የማያምነውም አለ። አንድ እሑድ በቪዲዮ እያወራን «አጎቴ፣ ጓደኛዬ ክርስቲያን አይደለችም። ትድናለች?» አለችኝ። እናቷ ከኋላ ዞር ብላ አየችን።

ለልጅ የማይዋሽ፣ የማያስፈራም መልስ ያስፈልጋል። «አዎ» ብዬ የማላውቀውን አልነገርኳትም። «አይ» ብዬም ጓደኛዋን በፍርሃት እንድታያት አላደረግሁም። «እግዚአብሔር ከአንቺ በላይ ይወዳታል» አልኳት። ይህን ከዕዝራ ነው የተማርኩት። «ማታ ስትጸልዪ ስሟን ጥሪው፣ ስለ እሷ ለእሱ ንገሪው፣ አንቺም ጥሩ ጓደኛ ሁኚላት።»

ትንሽ አሰበችና «የአስተማሪዬንስ ስም መጥራት ይቻላል?» አለች።

«ይቻላል» አልኳት። እስክሪብቶ ፍለጋ ሄደች።